ልጄ «ሮጬ ጨርሻለሁ» ይላል፤ የተጎዳችው ልጅስ ምን አገኘች?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁም። የስምንት ዓመት ልጄ በእረፍት ሰዓት አንዲት የክፍል ጓደኛውን ገፍትሮ ጥሏት ጉልበቷ ተላላጠ፤ ደብተሯም ጭቃ ውስጥ ወድቆ ተበላሸ። መምህሩ ለቅጣት ሜዳውን ደጋግሞ በሩጫ እንዲዞር አደረጉት። ማታ «ይቅርታ ጠየቅሃት?» ስለው «ለምን? ሮጬ ጨርሻለሁ እኮ» ብሎ መለሰልኝ። በእሱ ሂሳብ ዕዳው ተዘግቷል፤ ልጅቷ ግን ከዚያ ሩጫ ያገኘችው አንዳች ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ያለበትን ቀን ይጠላዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስም «ዛሬ ሮጫለሁ» እያለ ከቴሌቪዥን ፊት አይነሳም። በሰውነት ድካም ጥፋት ይካሳል ብሎ ማሰቡ የዕድሜው ጠባይ ነው ወይስ እኛ አዋቂዎች ያስተማርነው? የምታውቁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ ጉዳዩ የእኔም የዘወትር ሐሳብ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። ሩጫን መቅጫ ማድረግ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከበድ ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በእኛ ዳርቻ ሰፈሮች በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ለመኪና ማቆሚያ እየሆነ ልጁ መሮጫ ባጣበት ጊዜ፣ የቀረችውን የትምህርት ቤት ሜዳ የቅጣት ቦታ ካደረግንበት በየት በኩል እንቅስቃሴን ሊወድ ይችላል? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ልጅን እስኪዝል ማስሮጥ ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ እያንዳንዱ መምህር ራሱን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

ማታ ከቴሌቪዥን ፊት አለመነሳቱን ግን ስንፍና አይበሉት። ቶማስ ሮውላንድ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በ1998 እ.ኤ.አ. ሰውነት የቀኑን የእንቅስቃሴ መጠን ራሱ ሳይመጥን እንደማይቀር፣ በአንድ በኩል የበዛበትንም በሌላ በኩል እንደሚቀንስ የሚገልጽ መላ ምት አቅርበው ነበር። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ በተደረገ ጥናትም በሳምንት 9 ሰዓት ስፖርት የሚማሩ ልጆችና 2 ሰዓት ገደማ ብቻ የሚማሩ ልጆች አጠቃላይ እንቅስቃሴያቸው ሲለካ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ ብዙ ስፖርት የሌላቸው ከትምህርት ሰዓት ውጪ ይበልጥ ይንቀሳቀሱ ነበርና። በዚህ መላ ምት ተመራማሪዎች ሁሉ አይስማሙም። ቢሆንም የልጅዎ ሰውነት ማካካሱና የልጅዎ ኅሊና «ከፍያለሁ» ማለቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቅጣቱ አንድ ላይ ቋጥሯቸዋል።

መልስ፦ የልጆች ሥነ ልቦና ያጠናሁ፣ የካ አባዶ

መምህሩ በተናገሩት ላይ ስለ ኅሊናው ልጨምር። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ስለ ልጆች የሞራል ፍርድ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ሁለት ዓይነት ቅጣት ለይቷል። አንደኛው ከጥፋቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ አጥፊው እንዲሠቃይ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው የተበላሸውን ማስተካከልን ወይም ጥፋቱ ያስከተለውን ውጤት ራስን ማቅመስን የመሰለ፣ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ነው። ትንንሾቹ ልጆች ከባዱን ቅጣት ትክክለኛ ይሉታል፤ ከፍ ሲሉ ግን ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ። ስለዚህ የልጅዎ አስተሳሰብ በከፊል የዕድሜው ነው።

በከፊል ያልኩት በምክንያት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የሦስትና የአምስት ዓመት ልጆች አንዱ አሻንጉሊት የሌላውን ዕቃ ሲወስድ እያዩ ጣልቃ እንዲገቡ ዕድል ሰጥቷቸው ነበር፤ ልጆቹ ወሳጁን ዕቃውን ከመከልከል ይልቅ ለባለቤቱ መመለሱን መርጠዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተበደለውን የማሰብ ዝንባሌ ገና በሦስት ዓመት አለ ማለት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ልጅቷን ከረሳት፣ አዋቂዎቹም ሲቀጡት ልጅቷን አላነሷትም ብዬ እገምታለሁ። ጥፋቱም ፍርዱም በእሱና በመምህሩ መካከል አለቀ፤ እሷ በጉዳዩ ውስጥ የለችበትም።

መልስ፦ ጡረተኛ አባት፣ ገላን

ልጄ፣ የእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ አይፈርድም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል፤ ሸንጎው የሚጀምረው ከተበዳይ ነው። በጎረቤቶቻችን በኦሮሞዎች ጉማ በሚባለው የካሳና የእርቅ ሥርዓትም ካሳው የሚደርሰው ለተበዳዩ ወገን ነው እንጂ በዳይ ብቻውን ደክሞ አይገላገልም። ልጁ አዲስ ደብተር ይዞ ይሂድ፤ የጠፋባትንም ትምህርት በእጁ ይገልብጥላት። ደብተሩን እናት ገዝታ ብቻ ብትሰጠው ግን ካሳው የእናት እንጂ የእሱ አይሆንም፤ ከሚያገኛት ሳንቲም ያዋጣ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መገልበጡን ዛሬ ማታ አብረን እንጀምራለን። ልጅቷ ልታየው ባትፈልግስ?

መልስ፦ የልጆች ሥነ ልቦና ያጠናሁ፣ የካ አባዶ

አያስገድዷት። ይቅርታን የመቀበል ግዴታ የለባትም፤ ይህንንም ልጅዎ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል። መጀመሪያ እናቷን ያነጋግሩ፤ ካልፈለገች ደብተሩን በክፍል ኃላፊው በኩል ይላኩላት። ለልጅዎም «ምን ያህል ተቀጣህ?» ከማለት ይልቅ «አሁን እሷ ምን ጎደላት?» ብለው ይጠይቁት። የስፖርቱን ነገር በተመለከተ፣ ለጥቂት ጊዜ ስለ ጥፋት ምንም ሳያነሱ አብረውት ወደ ሜዳ ቢወጡና እንደ ልቡ ቢጫወት፣ ሩጫው ከቅጣቱ ቀስ በቀስ ይለይለታል። ከመምህሩ ጋርም ሌላ ወላጅ በሌለበት በእርጋታ ተነጋገሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ከአሁኑ ብትስማሙ ጥሩ ነው።