ወደ ፋ ዶክ ሲው ፏፏቴ እንዴት እንደምንደርስ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ለሥልጠና ሰሜን ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ከተማ የምገኝ ስሆን፣ ልትጠይቀኝ ከመጣችው እናቴ ጋር በዶይ ኢንታኖን ብሔራዊ ፓርክ ጫካ ውስጥ ወዳለው ፋ ዶክ ሲው ፏፏቴ ቅዳሜ ልንሄድ ተዘጋጅተን ሳለ፣ የተስማማሁት ባለመኪና ትናንት ማታ እንደማይመጣ ነገረኝ። የእግር መንገዱን የሚመሩት የአካባቢው የካረን ብሔረሰብ ሰዎች መሆናቸውንና ጉዞው የሚያበቃው የሩዝ እርከኖች ባሉባት በሜ ክላንግ ሉዋንግ መንደራቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ክፍያው በቀጥታ ለመንደሩ ሰው መድረሱንም እወደዋለሁ። የቸገረኝ እዚያ መድረሱ ነው። በቢጫዎቹ የጋራ መኪኖች ከተራራው ግርጌ እስካለችው ቾም ቶንግ ከተማ ከሄድን በኋላ ወደ ተራራው የሚያወጣን መኪና ከየት፣ በስንት እንከራያለን?

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከዝናብ በኋላ ጭቃው ምን ያህል እንደሚያንሸራትትና በመሐል ደክሟት ብትቀር መመለሻ መኖሩን በእግሩ የሄደበት ሰው ቢነግረኝ እፎይ እላለሁ። ጾም ላይ ስለሆነችና ዓሣም ስለማትቀምስ፣ የዓሣ መረቅ ያልገባበት ምግብ መንደሩ ውስጥ ይገኝ ይሆን ወይስ ቋጥረን እንሂድ? ምርኩዟን ገዝታ በር ሥር አቁማዋለች፤ ቀርቷል ለማለት አንደበቴ አልታዘዝልኝ ብሏል።