«ፋየርድ» ልበል ወይስ «ሌይድ ኦፍ»? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ትእዛዝ ሲቀንስ ብዙዎቻችንን አሰናበቱን። ሐሙስ ሌላ ቦታ ለሱፐርቫይዘርነት ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው።

የጨነቀኝ ይሄ ነው። በአማርኛ «ከሥራ ወጣሁ» ብል ያልቃል። በእንግሊዝኛ ግን «ፋየርድ» ካልኩ አጥፍቼ የተባረርኩ ይመስላል። «ሪዛይንድ» ደግሞ በፈቃዴ ለቀቅኩ ማለት ነው። ልኩ «ሌይድ ኦፍ» ነው፤ ሥራ ስለቀነሰ ሠራተኛ ተቀነሰ ማለት ነውና። ግን ዓረፍተ ነገሩን ስጀምር ምላሴ ይተሳሰራል።

ሌላው «ቦትልኔክ» ነው። መስመሩ ላይ አንድ ቦታ ሲዘገይ ሥራው እዚያ ይከማቻል። እኛ ጋ ኮሌታ ላይ ነበር የሚበዛው። ሁለተኛ ማሽን አስጨምሬ ነው የፈታሁት። ይህን በቀላል እንግሊዝኛ እንዴት ልበለው? ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብትጽፉልኝ እስከ ሐሙስ አጠናዋለሁ።