ለጉልበት ሕመምና ለወለምታ የትኛው ፕላስተር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሮጥ ሰው፣ በጉልበት ሎሚ ዙሪያ ለሚሰማ ሕመምና ለቁርጭምጭሚት ወለምታ ባለቀለሙ የሚለጠጥ ፕላስተር (ኪኔሲዮ ቴፕ) ይሻላል፣ ነጩ የማይለጠጥ ፕላስተር ወይስ ፋሻ? ወጌሻ ጋ መሄድስ?

ፊዚዮቴራፒስት፦ የሦስቱ ሥራ ለየቅል ነው። ኪኔሲዮ ቴፕ መገጣጠሚያ አያስርም። ጃፓናዊው ኬንዞ ካሴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲያወጣው፣ እንቅስቃሴ ሳይከለክል ቆዳን በስሱ እየሳበ ሕመም እንዲያቀል አስቦ ነው። ጥናቶች የሚያሳዩት ጥቅም መጠነኛና ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ የጭንና የዳሌ ማጠንከሪያ ልምምድ ካልታከለበት ብቻውን አልመክረውም። ወለምታው ቀለል ብሎለት ወደ ኳስ ለሚመለስ ሰው ግን ነጩ ፕላስተር ወይም በክር የሚታሰር የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ይበልጣል። ነጩ በላብ ስለሚላላ በየጨዋታው ይቀየራል፤ መደገፊያው ደጋግሞ ስለሚያገለግል እኔ እሱን እመርጣለሁ። ፋሻ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠት ነው። ከጣቶች ሥር ጀምሮ ወደ ላይ፣ የቀደመውን ዙር ግማሽ እየደረቡ ይጠቀለላል። ጣት ከደነዘዘ ወዲያው ይፈታ።

የሯጮች አሠልጣኝ፦ ኪኔሲዮ ቴፕ ጉልበት ላይ ሲለጠፍ ቆዳው ቅባትና ቫዝሊን የሌለበት፣ ደረቅ ይሁን። ሁለት 25 ሳ.ሜ. እና አንድ 15 ሳ.ሜ. ቁራጭ አዘጋጅና ማዕዘናቸውን በመቀስ አክብበው፤ ሹል ማዕዘን ሱሪ እየነካው ቶሎ ይነሳል። ጉልበትህን 90 ዲግሪ አጥፈህ ተቀመጥ። ረጃጅሞቹን ከሎሚው በታች ጀምረህ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጠርዙን እየተከተልክ ወደ ጭን አውጣቸው፤ መሳቡ ሩብ ያህል ይበቃል። አጭሩን ከሎሚው ሥር አግድም፣ መሐሉን ብቻ በግማሽ ስበህ ለጥፍ። ግማሽ ማለት እስከ መጨረሻው ስቦ እኩሌታውን መልቀቅ ነው። የሁሉም ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ፈጽሞ አይሳብ። ቆዳ ውኃ የሚቋጥረው በአብዛኛው ጫፉ ተስቦ ሲለጠፍ ነው። ከዚያ በመዳፍ በደንብ እሸው፣ ሙጫው የሚይዘው በሙቀት ነው። እንጦጦ ላይ በንጋት ብርድ፣ ላብ ከጀመረ በኋላ የሚለጥፉ ሰዎች ቴፑ ቶሎ የሚለቅባቸው ለዚህ ነው። ከልምምድ 1 ሰዓት በፊት ቤት ውስጥ ይለጠፍ።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፦ ሲገዙ ቀለም አይምረጡ፣ ለውጥ የለውም። የተለመደው ጥቅል 5 ሳ.ሜ. በ5 ሜትር ነው፤ ከላይ በተባለው ልክ ለአንድ ጉልበት 7 ጊዜ ይበቃል። ኬቲ ቴፕ (KT Tape) የተባለው ምርት ከጥጥ የተሠራው ዓይነት 25 ሳ.ሜ. ሆነው የተቆረጡ 20 ቁራጮች ይዞ ስለሚመጣ ለጀማሪ ይቀላል፤ ልምድ ላለው ግን ያልተቆረጠው ይሻላል። ላቲክስ (አለርጂ ሊያስነሳ የሚችል የተፈጥሮ ጎማ) የሌለው መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ለጥፈው አንድ ቀን ይጠብቁ። ካሳከከ ወይም ካቃጠለ ይነሳ። በደህና ከያዘ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ሲያነሱት ዘይት ቀብተው፣ ቴፑን ወደ ላይ ከመጎተት ቆዳውን ወደ ታች ይጫኑት።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ስለ ወጌሻው፦ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ የኋላ ጠርዝ ሲጫኑት አጥንቱን ካመመ፣ ከመታሸት በፊት ራጅ። ስብራት ላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ሳይመታ ያበጠና የሚያቃጥል ባት ላይም ምንም አይለጠፍ፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።