እናቴን ፔዳ አካባቢ የት ልጋብዛት?

የባሕር ዳር ልጆች፣ እባካችሁ አንድ ነገር ቸግሮኛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፊታችን አርብ እናቴ ከደብረ ታቦር ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ግቢ ከገባሁ ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ምግብም ቡናም እኔ ልጋብዛት ቆርጫለሁ።

ችግሩ ምግቡ ላይ ነው። አርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ነው የምትጾመው። እኔ የማውቃቸው ቤቶች ደግሞ በያይነቱ የሚኖራቸው በምሳ ሰዓት ነው። ባለፈው አርብ አስር ሰዓት ላይ ሦስት ቤት ዞርኩ። ሁለቱ ጋ አልቋል፣ ሦስተኛው ጋ የተረፈው ሽሮ ቀዝቅዟል። ጓደኞቼ ጣና ዳር ወስደህ ዓሣ አብላት ይሉኛል። በጾም ዓሣ የሚበላ ብዙ ሰው አለ፤ እሷ ግን አትበላም። ትኩስ ተጋቢኖ ባገኝላት ደስ ይለኛል። አጎቴን ጠየቅኩት። እሱ የተማረው ግቢው የፔዳጎጂ አካዳሚ ሳለ ነው፣ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ (ከፖሊ) ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በፊት። የነገረኝ ቤት ዛሬ የለም።

ጀበና ቡናማ በየበረንዳው አለ። ግን ለእናቴ ቡና ማለት አቦል ጠጥቶ መነሳት አይደለም፤ ቶናውም በረካውም መድረስ አለበት። ጉልበቷን ስለሚያማት ዱካ ላይ መቀመጥ አትችልም። መደገፊያ ያለው ወንበር ያስፈልጋታል። ሙዚቃ የሚጮህበትም አይሁን፣ የምናወራው ብዙ ነው።

የያዝኩት 800 ብር ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትኩስ የጾም ምግብ የሚሠራ ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ። ፖሊ በኩልም ቢሆን በባጃጅ እንሄዳለን።