ጥቆማ፦ ባሕር ማዶ ሄዳችሁ የባሕር እንስሳትን መርዳት ለምትፈልጉ የጎጃም ልጆች

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ጥያቄው ያው አንድ ነው፦ «ውጭ ሄጄ የባሕር ኤሊ ምናምን ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር በበጎ ፈቃድ መሥራት እፈልጋለሁ፤ የቱ ይሻላል?» የሚበዙት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ናችሁ፤ ከማርቆስ፣ ከእንጅባራና ከዳንግላም አሉ። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር። ለእኛ ሰው ኬንያ ይሻላል፤ ከኬንያም ዋታሙ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ዋታሙ ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ ማሊንዲ አጠገብ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የዋታሙና የማሊንዲ የባሕር ፓርኮች በ1968 ነው የተከለሉት፤ በኬንያ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እዚያ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የሚባል ድርጅት አለ። በ1997 የኤሊ እንቁላል በመጠበቅ ነው የጀመረው። አሁን የሚታወቀው ግን በሌላ ሥራ ነው። አጥማጁ መረቡ ውስጥ ኤሊ ስትገባበት ስልክ ይደውላል። ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይለካሉ፣ መቅዘፊያ እግሯ ላይ ቁጥር ያስራሉ። ጤነኛ ከሆነች ወዲያው ወደ ባሕሩ፣ ከታመመች ወደ ማገገሚያው። ለአጥማጁ ለድካሙ ትንሽ ገንዘብ ይሰጡታል። ልብ በሉ፣ የኤሊዋን የገበያ ዋጋ አይደለም የሚከፍሉት፤ እሱን ቢከፍሉማ ሰው ሆነ ብሎ ኤሊ ሊያጠምድ ይወጣ ነበር። እንዲህ እያሉ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ኤሊ ከመረብ አስለቅቀዋል።

እኔ ይሄን የምወደው በጣና ምክንያት ነው። እኛ ጋ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋውን ሰው «ተው» ከማለት አልፈን አናውቅም። «ተው» ደግሞ የትም አላደረሰንም፤ ልጆቹን ምን ያብላ? ዋታሙ ላይ ያ አጥማጅ ራሱ የሥራው ባልደረባ ነው። የጣና ዓሣ ላይ ለመሥራት ለምታስቡ ልጆች ከኤሊው በላይ ይሄ ከአጥማጁ ጋር ያላቸው አሠራር ነው የሚጠቅማችሁ።

ሥራው ፎቶ ላይ እንደሚታየው አይደለም። ብዙው ሰዓት የሚያልፈው ገንዳ በማጠብ፣ ቆሻሻ በመልቀም፣ ቁጥር በመመዝገብና ትምህርት ቤት ሄዶ ልጆች በማስተማር ነው። ፌስታል የበላች ኤሊ ሆዷ በጋዝ ይነፋና መስመጥ ያቅታታል፤ እንዲህ ያለችውን ለሳምንታት ማስታመም አለ። አዋቂ አረንጓዴ ኤሊ ከ100 ኪሎ በላይ ስለምትመዝን ለማንሳት ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ወገባችሁን አስቡበት። ሌሊት በዳርቻው ለመዞር ዕድል ካገኛችሁ ግን እንዳታሳልፉት። አንዲት ኤሊ በአንድ ጊዜ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች፣ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል። የጫጩቶቹን ጾታ የሚወስነው ደግሞ የአሸዋው ሙቀት ነው፤ ከ29 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ሴቶቹ ይበዛሉ። ስለዚህ የአየር ሙቀት በጨመረ ቁጥር ወንድ እየጠፋ ነው ማለት ነው።

ወጪውን በተመለከተ ኬንያ የምትሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አያስፈልግም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን የግድ ያዙ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአየር፣ ወይም ጊዜና ትዕግሥት ያለው በሞያሌ በአውቶቡስ። ከናይሮቢ ሞምባሳ በ2017 የተከፈተው ባቡር አለ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ ማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ) ነው። ከእኛ ወገን አስቸጋሪው ከጎጃም አዲስ አበባ መድረሱ ነው፣ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ውጡ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ራሳችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ።

አንድ የፋግታ ለኮማ ልጅ «እኔ ከዲከረንስ ዛፍ ተከላ በቀር የማውቀው የለም» ብሎኛል። ወንድሜ፣ አንተ እንዲያውም ዕድለኛ ነህ! ከሞምባሳ በስተደቡብ ጋዚ የሚባል መንደር አለ። እዚያ ሚኮኮ ፓሞጃ የሚባል የመንደሩ ሰዎች ፕሮጀክት 117 ሄክታር የማንግሮቭ ደን ይጠብቃል፣ ደኑ ከአየር ስቦ ለሚይዘው ካርቦን ከገዢዎች ክፍያ ይቀበላል፣ በገንዘቡ ውሃና ትምህርት ቤት ይሠራል። ማንግሮቭ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፣ የዓሣ ጫጩት ሥሩ ውስጥ ተደብቆ ያድጋል። ችግኝ ማፍላትና መንከባከብ የሚችል እጅ እዚያ ከጠላቂ ይበልጥ ይፈለጋል። እንደ ጎብኚ ሄደህ ደኑን አይተህ ብትጠይቅ ይሻላል።

ወደ ሌሎቹ ልለፍ።

ጅቡቲ ለሁላችንም ቅርብ ናት፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳው 752 ኪሎ ሜትር ባቡርም አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ ይመጣል። የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ነው፣ ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ የሚበላው ግን ደቃቅ የባሕር እንስሳትንና ትናንሽ ዓሣዎችን ነው። ተመራማሪዎች ጎኑ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ፎቶ እያነሱ አንዱን ከሌላው ይለያሉ። ማየት ያምራል። ለበጎ ፈቃድ ግን ብዙም አልመክርም፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ አብዛኛው የጉብኝት ጀልባ ነው፣ ከተማዋም ውድ ናት።

ሲሼልስ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። በኦንላይን የጉዞ ፈቃድ፣ የማረፊያ ቦታና የመመለሻ ትኬት ካሳያችሁ ትገባላችሁ። ኔቸር ሲሼልስ የሚያስተዳድራት ከዚን ደሴት ላይ ሆክስቢል የሚባለው ኤሊ በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ እንቁላል ይጥላል፤ ሌላ አገር ሌሊት ነው። በ1998 የባሕሩ ውሃ ሞቆ አብዛኛው ኮራል (ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ) ሞቶባቸው ነበር፣ ከ2010 ጀምሮ እንደ ችግኝ እያፈሉ መልሰው ይተክሉታል። ሥራው ግሩም ነው። ችግሩ ኪስ ነው። ኮራል ለመትከል ጠላቂ መሆን ያስፈልጋል፣ የምግቡና የመኝታው ዋጋም የሚቀመስ አይደለም። ደሞዝተኛ ከሆናችሁና ዓመታዊ ፈቃዳችሁን ልታውሉበት ከሆነ እሺ።

ግሪክ ደግሞ አርኬሎን አለ፣ ከ1983 ጀምሮ ኤሊ ሲጠብቅ የኖረ። በጎ ፈቃደኛው ድንኳን ውስጥ ያድራል፣ መጠነኛ መዋጮ ያዋጣል፣ ወቅቱ በጋቸው ነው። አውሮፓ የምትማሩ ልጆች ሂዱበት፣ ጥሩ ነው። ከዚህ ሆናችሁ ግን ለሸንገን (ለአውሮፓ) ቪዛ 90 ዩሮ ከፍላችሁ ብትከለከሉ ገንዘቡ አይመለስም፤ ትምህርቷን ገና ላልጨረሰች ልጅ ይሄን አልመክርም።

ገንዘብ የሌላችሁ ይሄን አንብቡ። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከ2010 ጀምሮ አለ። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለ ሰው ያመለክታል፣ አንድ ዓመት ሌላ አገር ይሠራል፣ ትኬቱንና የኪስ ገንዘቡን ኅብረቱ ይችላል። ናይሮቢ ያለው የኅብረቱ የእንስሳት ሀብት ቢሮ ዓሣንና ባሕርንም ይይዛል። የቢሮ ሥራ ነው፣ አሸዋ አትረግጡም፣ ፉክክሩም ከባድ ነው። ቢሆንም ማንም ብር የማይጠይቃችሁ ይሄ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞችም እንዲሁ፤ እነሱ ቤት ተቀምጦ የሚሠራም አላቸው። ኔት ሲኖር ደግሞ ዙኒቨርስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የባሕር እንስሳት ፎቶ መለየት ትችላላችሁ። ነጻ ነው። ለሲቪ መጀመሪያ ይበቃል።

አሁን ደላላ። ጎበዝ፣ ይሄን ነገር ስሙኝ። «የካናዳ በጎ ፈቃድ ቪዛ አለ፣ መቶ ሺህ ብር አስይዝ» የሚል ሰው በየከተማው አለ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የድርጅቱን ስም ሳይነግራችሁ ገንዘብ ከጠየቀ፣ ፓስፖርታችሁን «እኔ ጋ ይቀመጥ» ካለ፣ በቃ ተዉት። በጎ ፈቃደኛ ከፍሎ መሥራቱ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ ብዙ እውነተኛ ድርጅቶች ምግብና መኝታ ያስከፍላሉ። ትልልቆቹ የፈረንጅ ድርጅቶች ለሁለት ሳምንት ከሺህ ዶላር በላይ ነው የሚሉት። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ጠይቁ። ሠራተኞቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው? አጥማጆቹ ያውቋቸዋል? ድረ ገጻቸው ላይ ፈረንጅ ኤሊ አቅፎ ሲስቅ ወይም ዌል ሻርክ ሲነካ ካያችሁ ሌላ ፈልጉ። የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ለጎብኚ ማሳያ በባልዲ የሚያቆዩም አሉ፤ ጫጩቷ ጥልቅ ባሕር ለመድረስ የያዘችውን ጉልበት እዚያው ስትፍጨረጨር ትጨርሰዋለች።

ዋና ስለጠየቃችሁኝ፦ ለዳርቻ ሥራ ብዙ ጊዜ ግዴታ አይደለም፣ ብትችሉ ግን ይሻላል። ጣና ውስጥ አትለማመዱ፤ ጉማሬውም ቢልሃርዝያውም አለ። ባሕር ዳር የሆቴል መዋኛ ገንዳ ከፍሎ መግባት ይቻላል። ፓዲ የሚባለውን የመጀመሪያ የጠላቂ ወረቀት የምትፈልጉ 200 ሜትር ዋኝታችሁ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠበቅባችኋል። ለደጋ ሰው የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ከጠለቃችሁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትቆዩ አውሮፕላን አትሳፈሩ፤ በመኪናም በባቡርም ወደ ደጋ አትውጡ። ከጅቡቲ ዳርቻ ተነስቶ አዲስ አበባ መግባት ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ነው፤ ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራና ይጎዳል።

ዕቃ። ይሄን ክፍል እወደዋለሁ።

ጫማ፦ በረባሶና ኮንጎ ጫማ ሁለቱንም ሞክሩ። የኮራል ድንጋይ እንደ ምላጭ ነው፣ በረባሶን ግን አይበሳም። ውሃ ውስጥ ስትገቡ ኮንጎ ይሻላል፣ ጣት ይሸፍናል፣ ውሃውንም ያፈሳል። የቆዳ ጫማ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጨው ይበላዋል።

ልብስ፦ ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ሸሚዝ ግዙ። ጋቢ ቤት ይቅር፣ ነጠላ ይበቃል። ሞቃት አገር ነው፣ ላቡ ያጥለቀልቃችኋል። አጎበር ያዙ፣ ወባ አለ፤ ከቀበሌ የተሰጣችሁ ካለ አጥፉና ክተቱት።

መብራት፦ የግንባር ባትሪ፣ ቀይ መብራት ያለው። ነጭ ብርሃን ለእንቁላል የወጣችውን ኤሊ ያስደነግጣታል፤ ጫጩት ደግሞ ደማቅ ወደሆነው ስለምትሄድ ከባሕሩ ትርቃለች። ባሕር ዳር ካጣችሁ መርካቶ አይጠፋም። አለዚያ በተራው ባትሪ ላይ ቀይ ላስቲክ እሰሩበት፣ ይሠራል።

ስንቅ፦ ቆሎና በሶ ውሰዱ፤ ግን በፌስታል እንዳይሆን! ኬንያ በነሐሴ 2017 ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት እስር ወይም አራት ሚሊዮን ሽልንግ ይደርሳል። ጎብኚም ኤርፖርት ላይ ጣል ይባላል። እናት የሰፋችው የጨርቅ ከረጢት ከሁሉ ይበልጣል። በርበሬውን ክዳን ባለው ዕቃ። ጾም ለምትጾሙ አትጨነቁ፣ ዳርቻው ላይ በኮኮናት የተሠራ ባቄላ የሚመስል ወጥ ከቻፓቲ ጋር አለ፤ ሽሮ መብላት ለሰለቸው ሰው ፍልሰታን ያስረሳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ።

ፓስፖርት የሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። በኦንላይን አመልክታችሁ ባሕር ዳር ባለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ አሻራ ትሰጣላችሁ፤ ለአሻራ ብሎ አዲስ አበባ መመላለስ የለም። ፓስፖርቱ ሳይኖር ለድርጅት ኢሜይል መጻፍ ግን ይቻላል፣ እንዲያውም ቀድሞ መጻፍ ይሻላል። አጭር አድርጉት። ጣና ላይ ምን እንደሠራችሁ ጻፉ፤ እምቦጭ መንቀላችሁንም፣ የዓሣ ናሙና መውሰዳችሁንም። ለእነሱ ይሄ ከ«ተፈጥሮን እወዳለሁ» ይበልጣል።

«እናቴ ባሕር ይበላሻል ብላ አትፈቅድልኝም» ላልሽኝ የዳንግላዋ እህቴ፦ እማማን አትሟገቻቸው። ሥራው አሸዋ ላይ እንጂ ውሃ ውስጥ እንዳልሆነ ንገሪያቸው፣ የድርጅቱን ስልክና የምታርፊበትን ቦታ ጽፈሽ ስጫቸው፣ ከተቻለ ከሌላ የአገር ልጅ ጋር ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ከማርቆስ የጠየቀችኝ ሌላ ልጅ አለች፤ ከፈለግሽ እሷን ጠይቄ ላገናኛችሁ እችላለሁ።