የአጥንት ሐኪም ጥቆማ፦ ወጌሻ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ወይስ የግል?

«አዲስ አበባ ውስጥ ጎበዝ የአጥንት ሐኪም ጠቁመኝ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። እማዬ ከወደቀች ወዲህ ሳላስበው የዚህ ነገር አዋቂ ሆኛለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

እማዬ የታጠበ ደረጃ ላይ ተንሸራታ በእጇ ተደግፋ ወደቀች። አንጓዋ ወዲያው አበጠ። ጎረቤት በሙሉ «ወጌሻ ጋ ውሰዷት!» አለ። ወሰድናት። የሰፈራችን ወጌሻ አዛውንት ናቸው። እጇን ነካ አድርገው «ይሄ ወለምታ አይደለም፤ ሂጂና ራጅ ተነሺ» ብለው መለሱን። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም። እንደሳቸው ያለ ወጌሻ ካላችሁ ታድላችኋል። ግን ቀርከሃ አጥብቆ አስሮ «አይፈታ» ብሎ የሚልክም አለ። በእስሩ የተነሳ ደም ሳይደርሰው ጠቁሮ እጁ ወይም እግሩ የተቆረጠ ልጅ ጥቂት አይደለም። አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣማ ወጌሻ ደጅ መቆም የለም፤ ቶሎ መታጠብና መድኃኒት መጀመር አለበት።

ከዚያ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ስሙ ይቅር። ሕንፃው መስታወት በመስታወት ነው። ትኩስ ስብራት ላይ ሙሉ ጄሶ ዙሪያውን ጠቅልለው ሸኙን። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ጣቶቿ አብጠው ወይን ጠጅ መሰሉ። ጥፍሯን ጫን አድርጌ ስለቀው ነጭ እንደሆነ ቆየ። ጤነኛ ጣት ላይ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። ክሊኒኩ ስልክ አያነሳም። በራይድ ወደ መንግሥት ሆስፒታል በረርን። ተረኛው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ ያለ ሐኪም) ጄሶውን በመጋዝ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። እማዬ «እፎይ፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ» ስትለው ልጁ ቆሞ እያንቀላፋ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠት ስለሚኖር ግማሽ ጄሶ (ዙሪያውን ያልተጠቀለለ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚደግፍ) እንደሚበቃ፣ ሙሉው በኋላ እንደሚደረግ ያስረዳን እሱ ነው።

ስለዚህ የኔ ጥቆማ፦ ሕንፃ አትምረጡ፣ ሐኪም ምረጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቹ ኦርቶፔዲክ ሰርጀኖች (የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች) ቀን ጥቁር አንበሳን በመሰለ የመንግሥት ሆስፒታል እያከሙና እያስተማሩ ውለው፣ ማታ በግል ሆስፒታል ይሠራሉ። በግል የምትከፍሉት አንዳንዴ ለዚያው ሰው ነው። ልዩነቱ ወረፋውና አልጋው ላይ ነው። ቀዶ ጥገና ከተባለ «ማን ነው የሚሠራው? ከዚያስ በኋላ የሚያየን ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የሚያመነታ ቦታ አይመቸኝም።

የመኪና አደጋ ከሆነ አማራጭ አታብዙ። በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለድንገተኛና ለአደጋ ተብሎ የተቋቋመ ነው። የጭን አጥንት ስብራት ድሮ ክብደት ተንጠልጥሎበት ለሳምንታት አልጋ ላይ ያስተኛ ነበር። አሁን አጥንቱ ውስጥ የሚገባ ብረት አለ። ሉዊስ ዚርክል የሚባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በቬትናም ጦርነት ዘመን ያዩት ነገር ከውስጣቸው አልወጣ ብሎ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ሳይን የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ብረታቸው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ባይኖርም ተስተካክሎ የሚገጠም ነው። ሐኪሙ የሠራውን ቀዶ ጥገና የሚያሳይ ራጅ ይልክላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የተጠቀመበትን ብረት ይተኩለታል። ጥቁር አንበሳም ተጠቅሞበታል። ብረት ተወዶብናል የምትሉ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ስትሄዱ ይሄን ጠይቁ።

ልጅ እግሩ ቆልመም ብሎ ከተወለደ ደግሞ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ነው መልሴ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ አዲስ አበባ አለ። ሕክምናው የፖንሴቲ ዘዴ ይባላል። በየሳምንቱ ጄሶ እየተቀየረ እግሩ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል። ወላጅን የሚፈትነው ከዚያ በኋላ ያለው፣ ሁለቱን እግር በብረት የሚያያይዘው ጫማ ነው፦ 3 ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎ እስከ 4 ዓመት ገደማ ማታ ማታ። ልጁ አለቀሰ ብላችሁ ካወለቃችሁት እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል።

ስለ ዕቃ ለጠየቃችሁኝ፦ ነጩ ጄሶ ርካሽ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ እስኪደርቅም ቀናት ይፈጃል። የፋይበር ግላሱ ጄሶ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። ውኃ አይነካውም ሲሏችሁ አትመኑ፤ ውስጡ ያለው ጥጥ ከራሰ ቆዳ ያበላሻል። ክራንች ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ ሱቆች ታገኛላችሁ። አሉሚኒየሙን ግዙ፣ ቁመቱ ይስተካከላል። ጫፉ ከብብት 2 ወይም 3 ጣት ዝቅ ይበል፤ ክብደቱም እጅ ላይ እንጂ ብብት ላይ አይደለም። ከሥር ያለውን ጎማ እዩት። ካለቀ ሴራሚክ ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። የእማዬ ጄሶ በ6 ሳምንቱ ወጥቷል፣ አንጓዋ ግን ደርቋል። ሊጡን ምጣዱ ላይ ማዞር አቅቷት እንጀራ ከሱቅ እየገዛን ነው፤ በየማዕዱም እያማረረች ነው። ሳሪስ አካባቢ ቤት ድረስ የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።