የዕቅድ ውይይት፦ የፐሮቭስካይትና የታንደም ፓነሎች የመስክ ፍተሻ፣ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ 2

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁም። በረቂቅ 1 ላይ የሰጣችሁትን አስተያየት ተከትዬ ዋናውን ሐሳብ ለውጬዋለሁ። መጀመሪያ ያሰብነው አነስተኛ የፐሮቭስካይት (በቀጭኑ ተቀብቶ እንደ ሲሊከን የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቁስ) ሴል መሥሪያ ላቦራቶሪ ማቋቋም ነበር። አሁን የቀረበው ለገበያ መውጣት የጀመሩ የፀሐይ ፓነሎችን አዲስ አበባና ሰመራ ላይ ለሁለት ዓመት ደጅ ተክሎ በየዓመቱ ምን ያህል አቅም እንደሚያጡ መለካት ነው። ሦስት ዓይነት ይኖራል፦ ነጠላ ፐሮቭስካይት፣ ፐሮቭስካይት በሲሊከን ላይ የተደረበበት ታንደም፣ እና ለማነጻጸሪያ ተራ ሲሊከን። ከእያንዳንዱ ዓይነት በየቦታው ሦስት ደጅ፣ አንድ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በድምሩ 24 ፓነል። ስትጽፉ የምትስማሙበትን ብቻ ሳይሆን ሰነዱ ውስጥ በምን መልክ መግባት እንዳለበትም ጨምሩልኝ። ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁኑ።

የላቦራቶሪ ቡድን፣ ስዊድን
ለውጡን እደግፋለሁ፤ ምክንያቱ ግን መግቢያው ላይ ሳይድበሰበስ ይጻፍ። ብቃትን፣ ማለትም ከብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠውን ድርሻ፣ ከፍ የማድረጉ ውድድር በጣም ርቆ ሄዷል። በ2009 ሚያሳካና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ያሳዩት ሴል 3.8% ነበር። ዛሬ ነጠላው ከ26% አልፏል፤ በ2025 የቻይናው ኩባንያ ሎንጂ በታንደም ያስመዘገበው 34.85% ነው። ሲሊከን ብቻውን በንድፈ ሐሳብ እንኳ 29.4% ላይ ይቆማል። ነገር ግን እነዚህ ክብረ ወሰኖች የተገኙት በጣት ጥፍር ስፋት ሴል ላይ ነው። ኦክስፎርድ ፒቪ ጀርመን ብራንደንቡርግ ካለው ፋብሪካው በ2024 ለአሜሪካ ደንበኛ የላካቸው የመጀመሪያ የንግድ ታንደም ፓነሎች 24.5% ናቸው። በሴሉና በፓነሉ መካከል ያለውን ክፍተት በአንድ ናይትሮጅን የተሞላ ዝግ ሳጥንና በአንድ ስፒን ኮተር (ሴሉን እያሽከረከረ ፈሳሹን የሚቀባ መሣሪያ) አናጠብም። ስፒን ኮተር አብዛኛውን ፈሳሽ ወደ ውጭ ይረጫል፤ ወደ ካሬ ሜትር ሲኬድ ስሎት ዳይ (ፈሳሹን በቀጭን ስንጥቅ እያፈሰሰ የሚቀባ መሣሪያ) ወይም በቫኪዩም ማትነን ግድ ነው፤ ያ ሌላ በጀት ነው።

የአገር ውስጥ አቅም የለም የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ከረቂቁ ይውጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከሊንሾፒንግና ከቻልመርስ ጋር በፖሊመር ሶላር ሴል ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። የሴልን ባሕርይ የሚለካና የሚተነትን ሰው አለን።

ፋይናንስ፣ አዲስ አበባ
ገንዘብ ሰጪ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ሲሊከን ለምን አይበቃም?» ብሎ ነው። ሒሳቡን እዚሁ እንሥራው። የሲሊከን ፓነል በ2024 ከቻይና ፋብሪካ ሲወጣ በዋት ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዷል። ታንደም በፓነል ዋጋ አያሸንፍም፤ ካሸነፈ የሚያሸንፈው በብረት፣ በገመድ፣ በማጓጓዣና በተከላ ጉልበት ነው። ለ10 ኪሎ ዋት ባለ 22% ሲሊከን 45.5 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ ባለ 24.5% ታንደም 40.8።

አሁን ድካሙን ጨምሩበት። ሲሊከኑ በዓመት 0.4%፣ ታንደሙ 2% ቢያጡ በ6ኛው ዓመት ታንደሙ በጥቂቱ ይበልጣል፣ በ7ኛው ከሲሊከኑ በታች ይወርዳል። ታንደሙ በዓመት 1% ብቻ ቢያጣ ግን እስከ 17ኛው ዓመት ይመራል። ይህ ቴክኖሎጂ ለእኛ ገበያ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የሚወስነው ይህ የ1% ልዩነት ነው። የፕሮፖዛሉ ጥያቄ በአንድ መስመር እንዲህ ይጻፍ፦ «በደጋና በቆላ፣ በዓመት 1% ነው ወይስ 2%?» ሌላው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚያገለግል ይሁን።

ጥራት ፍተሻ፣ ጀርመን
በጥያቄው እስማማለሁ፤ ችግሩ ያ 1% ደጅ ላይ በቀላሉ አለመታየቱ ነው። ጥሩ ፒራኖሜትር (የፀሐይ ጨረር መለኪያ) እና ጥሩ የአይቪ (የከረንትና የቮልቴጅ) መለኪያ ይዘንም የአንድ ጊዜ ልኬት እስከ 3% ሊስት ይችላል። ስለዚህ «የፓነሉን ኃይል እንለካለን» የሚለው የምዕራፍ 3 አገላለጽ አይበቃም። የምንለካው ጥምርታ መሆን አለበት። በየሦስት ወሩ ጨለማ ውስጥ ያለው እኅት ፓነል ወጥቶ ደጅ ከከረሙት አጠገብ፣ በዚያው ማቆሚያ፣ በዚያው ሰዓት ይለካ፤ ውጤቱ አንዱ ለሌላው ተካፍሎ ይመዝገብ። የጨረር መለኪያው ስሕተት በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ በማካፈሉ ይጣፋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ፐሮቭስካይት ከጨለማ እንደወጣ የሚሰጠው ቁጥር የተረጋጋ አይደለም፤ አዮኖቹ ቦታቸውን እስኪይዙ በከፍተኛ ኃይል ነጥብ (ፓነሉ ከፍተኛውን ኃይል በሚሰጥበት ቮልቴጅ) ላይ ቢያንስ 30 ደቂቃ ፀሐይ ይሙቅ። የአይቪ ኩርባው ከታች ወደ ላይም ከላይ ወደ ታችም ይወሰድ። ሁለቱ ከተለያዩ ኩርባውን ትተን በከፍተኛ ኃይል ነጥብ ላይ ለ5 ደቂቃ የቆየውን የተረጋጋ ኃይል እንውሰድ። ደግሞም ቀን የደከመው ሌሊት በከፊል ያገግማል፤ የጠዋቱን ልኬት ከከሰዓቱ ጋር ማወዳደር የሌለ ድካም ወይም የሌለ ጤና ያሳያል።

ለታንደም አንድ ፒራኖሜትር አይበቃም። ሁለቱ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የፓነሉን ከረንት የሚወስነው ደካማው ነው። ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ወደ ቀይ ሲያደላ የላይኛው ፐሮቭስካይት ያንሳል፤ ቀትር ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ ሰማያዊው ሲበዛ የታችኛው ሲሊከን ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ማጣቀሻ ሴል (ብርሃኑን ለመለካት የሚያገለግል ሴል) ይገዛ፦ አንድ ተራ ሲሊከን፣ አንድ የኢንፍራሬድ ማጣሪያ መስታወት ያለው። ይህ በጀቱ ውስጥ የለም፤ ይግባ።

የመስክ ተከላ፣ ድሬዳዋ
የረቂቁ ሥዕል ላይ ፓነሎቹ በርዝመታቸው ተኝተዋል። ለነጠላ ፐሮቭስካይቱ ይህ አደገኛ ነው። የቀጭን ሽፋን ፓነል በሌዘር የተከፋፈሉ፣ ስፋታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ረጃጅም ሴሎች ስብስብ ነው። አቧራ በታችኛው ጠርዝ ላይ መስመር ሠርቶ ይቀመጣል። ሴሎቹ አግድም ከሆኑ ያ መስመር አንዱን ሴል ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነው ሴል በሌሎቹ ከረንት ተገፍቶ ወደ ተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ይገባል። ሲሊከን ከ10 ቮልት በላይ ይችላል፤ ፐሮቭስካይት በጥቂት ቮልት ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። መስመሮቹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲቆሙ ሆነው ይተከሉ፤ ያኔ አቧራው ከሁሉም ሴል ጥቂት ጥቂት ይወስዳል እንጂ አንዱን አይገድልም። ታንደሙ የታችኛው ሲሊከን ስለሚከላከልለት በዚህ ረገድ ይሻላል።

አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናትና ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ማዘንበል ለጨረሩ ይበቃል። ዝናብ እንዲያጥበው 15 ብናደርገው እመርጣለሁ። ሰመራ ላይ ዝናብ ስለማይጠበቅ በሳምንት አንዴ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ መስታወቱ ሳይግል ይጠረግ።

የመብራት መቋረጥ ጉዳይ ረቂቁ ውስጥ ጨርሶ አልተነሳም። ኃይል ሲጠፋ ፓነሉን በከፍተኛ ኃይል ነጥብ ላይ የሚያቆየው መከታተያ ይቆማል፤ ፓነሉ ፀሐይ ላይ እያለ ወደ ክፍት ሰርኪዩት (ከረንት ወደማይወጣበት ሁኔታ) ይገባል። በዚያ ሁኔታ ፐሮቭስካይት ሥራ ላይ ካለበት ይልቅ በፍጥነት ይደክማል። ስለዚህ መከታተያዎቹና ዳታ ሎገሩ (ልኬቶቹን የሚመዘግበው መሣሪያ) ከመብራት ኃይል መስመር ጋር አይገናኙ። ባለ 24 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከተለየ የሲሊከን ፓነል ይሞላ። ከዚያ በኋላም መከታተያው የቆመበት ደቂቃ ሁሉ በሎገሩ ይመዝገብ።

ጥራት ፍተሻ፣ ጀርመን
ኢንጂነር፣ የመቋረጡን ነጥብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ የምዕራፍ 3 የመጀመሪያ አንቀጽ ይሁን።

ወጣት አባል፣ ሀዋሳ
ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሲሊከን ሴል ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል። ታንደሙን በዚያ ሴል ላይ ራሳችን ብንደርበው አይሻልም?

የላቦራቶሪ ቡድን፣ ስዊድን
ወንድሜ፣ አቅጣጫው መልካም ነው፤ ለዚህ ፕሮፖዛል ግን ገና ነው። የተለመደው የሲሊከን ሴል ገጽ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ በኬሚካል ተቦርቡሮ ማይክሮን በሚለኩ ፒራሚዶች ተሞልቷል። የፐሮቭስካይቱ ሽፋን ግማሽ ማይክሮን ያህል ነው። ፈሳሹን ስታፈስበት ሸለቆው ይሞላል፣ ጫፉ ራቁቱን ይቀራል፤ በዚያ ጫፍ በኩል ሾርት ይሆናል። መፍትሔዎቹ ፒራሚዱን ማሳነስ ወይም የሊድ አዮዳይዱን ንብርብር መጀመሪያ በቫኪዩም ማትነን ናቸው፤ ሁለቱም የፋብሪካውን መስመር መለወጥ ይጠይቃሉ። «ቀጣይ ምዕራፍ» በሚለው ክፍል ሁለት መስመር ይሰጠው።

ጥራት ፍተሻ፣ ጀርመን
ስለ ግዥ መመዘኛ ልጨምር። ሻጮች የአይኢሲ 61215 (ዓለም አቀፍ የፓነል ፍተሻ ደረጃ) ወረቀት ያቀርባሉ፤ ወረቀቱ ያስፈልገናል፣ ግን አይበቃንም። 85 ዲግሪ ሴልሲየስና 85% እርጥበት ላይ 1000 ሰዓት፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስከ 85 ዲግሪ 200 ዑደት ይፈትናል። የአልትራቫዮሌት ቅድመ ፍተሻው ግን በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በቀን 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ጨረር የሚያገኝ ቦታ ከዚያ 5% ያህሉ አልትራቫዮሌት ቢሆን፣ ያንን መጠን በሁለት ወር ውስጥ ይጨርሰዋል። በ2,350 ሜትር ከፍታ ደግሞ ድርሻው ከዝቅተኛ ቦታ ይበልጣል። ስለዚህ ሻጩ በአይሶስ (ተመራማሪዎች የተስማሙበት የጽናት ፍተሻ አሠራር) የብርሃንና ጨለማ ዑደት የተገኘ ውጤት ጭምር ያቅርብ። ፓነሉ በሁለቱም በኩል መስታወት፣ ጠርዙ በቡቲል (እርጥበት የማያስገባ ጎማ) የታሸገ፣ ውስጡም በፖሊዮሌፊን ፕላስቲክ የተለጠፈ ይሁን። የተለመደው ማጣበቂያ ፕላስቲክ፣ ኢቪኤ፣ ሲያረጅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ ያም ሴሉን ይበላዋል።

አካባቢና ደህንነት፣ አዲስ አበባ
የእርሳስ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና ቁጥሩን አስቀድመን እናስቀምጥ። ግማሽ ማይክሮን ውፍረት ያለው ሽፋን በካሬ ሜትር 0.7 ግራም ያህል እርሳስ ይይዛል። አንድ የመኪና ባትሪ ውስጥ በኪሎ ግራሞች የሚቆጠር አለ። ትንሽ ነው ብለን ግን አንለፈው፤ የባትሪው እርሳስ በአብዛኛው በውሃ የማይሟሟ ሲሆን የፓነሉ በዝናብ ውሃ የሚሟሟ ጨው ነው። ይህንን ለምዕራፍ 5 ጽፌዋለሁ፦ «የተሰነጠቀ ፓነል በዚያው ቀን በጓንት ይነሳል፣ ፊትና ጀርባው በሰፊ ቴፕ ይታሸጋል፣ በሁለት ወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከዝናብ ርቆ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል። በየቦታው ከማቆሚያው ሥር በክረምት መጀመሪያና መጨረሻ የአፈር ናሙና ይወሰዳል፤ የመጀመሪያው ናሙና ፓነል ከመተከሉ በፊት ነው።»

አገልግሎቱን የጨረሰውን ለአምራቹ መመለስ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ሲሻገር በሚገዛው የባዝል ስምምነት መሠረት የሁለቱን አገሮች ቅድመ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አምራቹ መልሶ ለመቀበል ግዥው ላይ በጽሑፍ ይስማማ፤ በጉምሩክ ኮድ 8541.43 ሲገቡም ለምርምር መሆናቸው በሰነዱ ይገለጽ።

አስተባባሪ
የማጣቀሻ ሴሎቹን፣ የባትሪውን ሥርዓትና የአፈር ምርመራውን ወደ በጀቱ አስገባለሁ። ፋይናንስ፣ በዚህ ምክንያት ጣሪያውን ካለፍን ከ24ቱ ፓነል አንቀንስም፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት በየቦታው ደጅ የሚተከሉት ከሦስት ካነሱ 1%ን ከ2% መለየት አንችልም። ይልቅ ሰመራን በስድስት ወር እናዘግየው። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ከነቁጥሩ ይጻፍልኝ።

የመስክ ተከላ፣ ድሬዳዋ
እቃወማለሁ። ሰመራ ከዘገየች የሁለቱ ቦታ ፓነሎች ከተለያየ የምርት ዙር ይመጣሉ፤ የሙቀቱን ውጤት ከምርት ልዩነቱ መለየት አይቻልም። 24ቱም በአንድ ጊዜ ይገዙ፤ የሰመራዎቹ እስኪተከሉ ታሽገው ጨለማ ውስጥ ይቆዩ፣ ሲወጡም ከአዲስ አበባው የጨለማ ፓነል ጋር አንድ ጊዜ ይለኩ።

አስተባባሪ
ይህ ይሻላል፤ ተቀብያለሁ። በረቂቅ 3 እንዲሁ ይገባል።